ከዝናሽ ደብተር የሰረዝኋቸው መስመሮች

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ ዝናሽ፤

ወንዙ ከእናንተ ወደ እኛ ሲወርድ ሰላምታዬ ሽቅብ ወጥቶ ጎንደር ይድረስዎ። ሊያስታምሟቸው የሄዱላቸው እኅትዎ እንቅልፍ ማግኘት መጀመራቸውን ከኑርሁሴን አፍ ሰምቼ ተጽናንቻለሁ። ይህ ኑርሁሴን የመተማ መስመር ሾፌር ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤን ከሸሚዙ ሥር እንጂ ከመሪው ፊት የማያኖር፣ ከማናቸውም ፖስታ ቤት የሚበልጥ ታማኝ ሰው ነው።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎን፣ ውኃው ሸሽቷል፤ ጀርፉም፣ ማለት በየዓመቱ ከውኃው ሥር ሲወጣ የምንጠብቀው ጥቁር የዳርቻ መሬት፣ ረግቶ እግር መሸከም ጀምሯል። የእርስዎን መደብ ቆሜ አስቆፍሬአለሁ። የጎመኑ ችግኝ ተተክሏል፤ በየስድስት እርምጃው ድንብላል፣ በዳር በዳሩ እንስላል፣ በነፋስ በኩል ሰናፍጭ፤ ሁሉም እንዳዘዙት ነው። የመሬቱ ባለቤት ሐጅ ማግዲ አይቶ ሳቀብኝ። «ያ ኡስታዝ፣ አበባ ልትሸጥ ነው?» አለኝ። «የለም፣ አበባው ለእንግዶች ነው» አልሁት። «የትኞቹ እንግዶች?» ቢለኝ፣ «ክሽክሽ፣ ያን የጎመን ቅማል፣ የሚበሉት» ብዬ መለስሁ። ቃሉን የሰረቅሁት ከእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በካፉሪና በዐማራት ቪላዎች የነበራቸውን ሥራ ያጡት ዘጠኙ ሴቶች ዘንድሮ ተስፋቸውን የጣሉት በዚህ መሬት ላይ ነው፤ እርስዎም ሲሄዱ ደብተርዎን የሰጡኝ እነርሱን እንዳስተምርበት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዕውቀቱ ያስደንቃል፤ አጻጻፉ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ገበያ መካከል የተጻፈ ይመስላል። አንዱ ነገር ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ በትምህርቱ ውስጥ ሳቅና ለቅሶ ይገባል። በወጣትነቴ አዲስ አበባ በማተሚያ ቤት አራሚ የነበርሁ፣ እዚህም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሴቶቻችን ወደ አገር ቤት ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝና፣ እንዲህ ያለውን እንዳለ ማሳለፍ አልሆነልኝም። ድግግሞሹን አስወግጄ፣ ጨዋታውን ቀንሼ፣ ሠላሳ ስምንቱን ገጽ ወደ ዐሥራ አራት አውርጄ በእጄ ገለበጥሁት። በሽፋኑ ላይ «የጓሮ አትክልትን ያለ መርዝ ስለ መጠበቅ፤ በወይዘሮ ዝናሽ የተዘጋጀ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁ። የእኔን ስም የትም አላኖርሁም።

ዐሥር ቅጂ ተባዝቶ ታድሏል። ከዘጠኙ አንዷ መዲና ማንበብ ስለማትችል፣ እናቷ የእኛ፣ አባቷ ሱዳናዊ የሆነችው ነዳ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀነጠሰች ታነብላታለች። ደስ እንደሚልዎት አልጠራጠርም።

አክባሪዎ
ቢልልኝ

ጎንደር፣ አዘዞ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2011

ጋሼ ቢልልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እኅቴም ትላንት ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጣች፣ ጨው አነሰው ብላ ተቆጣችኝ። መቆጣቷ ደስ አለኝ።

ሠላሳ ስምንቱ ዐሥራ አራት ሆነ ሲሉኝ ሳቅኩ። ምኑን አወጡት? አጥንቱን ነው ሥጋውን? እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ባቆምኩበት እጄ ነው የጻፍኩት፣ እንደማወራው። ሰው አንዴ ሲነግሩት አይሰማም። ሁለተኛ ሲነግሩት ሰምቻለሁ ይላል። ሦስተኛ ሲነግሩት ነው የሚሰማ። ስለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የምለው።

ስሜን በቀይ በመጻፍዎ ግን አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ለእኅቴ ነገርኳት።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። አስቀያሚዎቹ መጡ? ድንብላሉ ካበበ ቀይዋ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ትመጣለች፣ ከዚያ ልጆቿ ናቸው የሚመጡ፣ ትንሽ አዞ የመሰሉት። መዲና እጇ ፈጣን ነው፣ ጥቁር ነገር ቅጠል ላይ ካየች አትምርም። ደብተሩ ላይ አለ፣ ግን እርስዎም በአፍዎ ይንገሯት።

እዚያ ሰልፍ ተነሣ ይላሉ። ነዳን ከቤት እንዳትወጣ ያድርጓት። እንደማትሰማ አውቃለሁ፣ ብቻ ይሞክሩ።

ዝናሽ

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ ዝናሽ፤

ይህን ያህል መዘግየቴ ንቀት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ኑርሁሴን በመንገዱ መዘጋጋት ገላባት ላይ ተይዞ ስለነበር የደረሰኝ በጥር መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከለክለኛል። ዕድሜ ይሆናል።

እኅትዎ በጨው መቆጣታቸው የጤና ምልክት ነውና እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ በኩል ከተማው እንደምትሰሙት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሱቁ ቀድሞ ይዘጋል፤ አስለቃሹ ጢስ ወንዙን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዓይን ያቃጥላል። ነዳን «ልጄ፣ ተይ» አልኋት። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ቤት ተቀመጥ፣ እኔ ስለ ሁለታችን እጮኻለሁ» አለችኝ። አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ልቧ ግን አይሳሳትም።

ስለ አትክልቱ ለጠየቁኝ፤ ደህና ነው። ደህና ነው ለማለት ያህል ማለቴ ነው። ዘንድሮ ክሽክሹ በርክቷል። ሐጅ ማግዲ «ዐሰላ» ይለዋል፤ ቅጠሉ እንደ ማር ያጣብቃል፣ ይኮማተራልም። የአየሩ ጠባይ ሳይሆን አይቀርም። ሴቶቹ በርትተው ይሠራሉ፤ በእርግጥ ከሚገባው በላይ በርትተዋል።

«አስቀያሚዎቹ» ስላሏቸው ነፍሳት በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። ለዛሬ እጄ ደክሟል።

አክባሪዎ
ቢልልኝ

ጎንደር
ሚያዝያ 12 ቀን 2011

አቶ ቢልልኝ፣

ነዳ ደወለችልኝ። የወታደሮቹ መምሪያ ፊት ከተቀመጡት ሰዎች መሀል ሆና ነው የደወለችው፣ ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁትን ልንገርዎ።

«ዝናሽ፣ ሴቶቹ አንቺን ይሰድባል» አለችኝ። ጎመኑ አልቋል። ዘጠኙም መደብ። መዲና «ሚስጥሩን ለራሷ ይዛ ለእኛ ግማሹን ሰጠችን» ትላለች አለችኝ። ክሽክሹን የጠራው አበባው ነው ብለው ድንብላሉን ነቅለው ወንዝ ጣሉት። የኔን መደብም ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ ለሌላ ሰጥተውታል፣ በወረቀት፣ ተፈራርመው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የቆፈርኩትን። እኅቴ ስትድን የምመለስበት ሌላ ምን አለኝ? ቤት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ ያ መደብና ስሜ ነበር ያለኝ።

ነዳን ያንን ገጽ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። «ጥቁር ትል ከቅጠሉ ላይ በእጅ እየተለቀመ በሳሙና ውኃ ይጣል» ይላል። እሱማ የኔ ነው፣ ስለ ቆራጩ ትል ነው የጻፍኩት። ከሱ ቀጥሎ የጻፍኩት የት ሄደ?

ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ዝናሽ

ኻርቱም
ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ዝናሽ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ጋሼ» የሚለው ቃል አለመኖሩን አስተውያለሁ።

ያሉት መስመር በቅጂዎቹ ላይ የለም። ምናልባት ማባዣ ቤቱ ሲያባዛ ገጽ አጉድሎ ይሆናል፤ በዚህ ግርግር ወቅት መብራቱም ይሄዳል፣ ሠራተኛውም ሐሳቡ ሰልፉ ላይ ነው። እጠይቃለሁ። ሴቶቹ ስለ እርስዎ የተናገሩት ከብስጭት የመጣ ነው፤ ጊዜ ያበርደዋል።

ለእኅትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቢልልኝ

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዝናሽ፤

ስለ ማባዣ ቤቱ የጻፍሁልዎት ሐሰት ነው። ሰውየው አንድም ገጽ አላጎደለም። መስመሮቹን የሰረዝሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ የመጨረሻውን ግፊት ያገኘሁትም ከራሴ ሕሊና አይደለም። በግንቦት ሃያ ስድስት ወታደሮቹ፣ መምሪያው ፊት የተቀመጡትን ሰዎች እንዴት እንደ በተኗቸው እዚያም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ነዳ ሁለት ቀን ጠፍታ በአንድ ጫማ ተመለሰች። ድምፅዋ ሲመለስላት እኔ ዘንድ መጣችና «ኡስታዝ፣ ያየሁትን ጻፍ። ለእናቴ አገር ሰዎችም በአማርኛ ይሁን» አለችኝ። ጻፍሁ። ስለ አንድ ጓደኛዋ ስትናገር «ሸሚዙ ቢጫ ነበር» አለች። ደግማ «ሸሚዙ ቢጫ ነበር» አለች። እኔ፣ የአርባ ዓመት ልማዴ ነውና፣ ሁለተኛውን አልጻፍሁትም። ነዳ በአማርኛ ቀስ ብላ ታነብባለችና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት።»

«ልጄ፣ አንዱ ይበቃል፤ ሰው ይገባዋል።»

«እርስዎ እዚያ ነበርህ?»

ወይዘሮ ዝናሽ፣ ሁለተኛውን ጻፍሁት። እርሷ ስትሄድ የእርስዎን ደብተር ከሣጥኔ አወጣሁ። የሰረዝሁትን እነሆ፣ እንዳለ፦

«ቀይዋ ጥንዚዛ ታምራለች፣ ልጆቿ ግን እናታቸውን አይመስሉም። ጥቁር ናቸው፣ አስቀያሚ ናቸው፣ ጀርባቸው እሾህ አለው፣ ብርቱካን ነጥብ አላቸው። እነዚህን አትግደሉ። ሰው ሲያያቸው ይገድላቸዋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ገድያቸው ኋላ ሲገባኝ አልቅሻለሁ። ክሽክሹን ከእናትየው ይበልጥ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ክሽክሽ ቢመጣ ዐሥር ቀን እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ። ያስጠላል፣ ግን ተቀመጡ። አትግደሉ ብያለሁ።»

በጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍሁት የራሴ አስተያየት አሁንም ይነበባል፦ «ከላይ ስለ ጥቁር ትል የተባለውን ይደግማል። ለቅሶው ለትምህርት አይስማማም። ይውጣ።» ማተሚያ ቤት ሳለሁ አለቃችን «ደጋግሞ የሚናገር ሰው ያላሰበ ሰው ነው» ይሉን ነበር። ያን ቃል እንደ መስቀል ይዤ ኖሬአለሁ። አጥብቀው ስላሰቡ የሚደጋግሙ ሰዎች እንዳሉ ሳላውቅ ሰባ አምስት ዓመት ሞላኝ።

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነገሩ አልቆ ነበር። መዲና ከሁሉ በፊት ተነሥታ በየጠዋቱ ጣሳ ሙሉ ስትለቅም «ጎበዝ!» እያልሁ አመሰግናት ነበር። ደብዳቤዎን አንብቤ ወደ ጀርፉ ስሄድ በሳሙናው ውኃ ላይ የተንሳፈፉትን አየሁ። ብርቱካን ነጥብ ነበራቸው። ዞር ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

የሚብሰውንም ልጨምር። መደብዎን ለሌላ ለመስጠት ሴቶቹ በተሰበሰቡ ቀን ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። መዲና «ዝናሽ ስላታለለችን ብለው ይጻፉ» አለችኝ። «ማታለል» የሚለው ቃል ከበደኝና «በሰጠችው የተሳሳተ መመሪያ ምክንያት» ብዬ አለዘብሁት። እርስዎን የጠቀምሁ መስሎኝ ነበር። የገዛ ጥፋቴን በስምዎ፣ በምርጥ የእጅ ጽሑፌ፣ ሁለት ቅጂ አድርጌ ጻፍሁ። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ በዚያ ወረቀት መሠረት መደቡ ይከፈላል።

ይቅርታ ለመለመን ፊት የለኝም። ቢያንስ ያወቁት ከእኔ እንዲሆን ብዬ ነው።

ቢልልኝ

ጎንደር
ነሐሴ 25 ቀን 2011

አቶ ቢልልኝ፣

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ።

ለኔ መናገርማ ቀላል ነው። እኔ ጎንደር ነኝ፣ ፊቴን አያዩትም። ለኔ የጻፉት ለኔ ምንም አይሠራልኝም፣ እኔማ አለማታለሌን ዱሮም አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ውኃው ሳይሸሽ ለእነሱ ይንገሯቸው። በጽሑፍ አይደለም፣ በአፍዎ፣ ቆመው። ደብተሬን ይዘው ይሂዱና ነዳ ታንብብላቸው፣ እርስዎ አያንብቡ። እርስዎ ሲያነቡ ያሳምራሉ።

እስከዚያ ድረስ ለኔ አይጻፉ።

ዝናሽ

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ጥቅምት 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዝናሽ፤

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። እንዳዘዙኝ ማለቴ በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ አየሩ ተናግሬ ተመልሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐጅ ማግዲ የውኃ ሞተሩን ከሚያቆምበት ግራር ሥር ዘጠኙም ነበሩ። መደብ የሚከፋፈልበት ቀን ነው። ሁለት ገጽ ንግግር ጽፌ ነበር፤ «የሰው ልጅ ከስሕተት የጸዳ አይደለምና» ብዬ ስጀምር መዲና አቋረጠችኝ።

«ኡስታዝ፣ ማን ሞተ? ያላ፣ ፀሐይ ሳይከር ይናገሩ።»

ወረቀቱን አጠፍሁት። «አትግደሉ የሚለውን ዝናሽ ጽፋው ነበር። እኔ ሰረዝሁት» አልሁ።

ነዳ ደብተሩን ተቀብላ ታነብ ጀመር፤ በየቃሉ ትሰናከላለች፣ ግን አንድ ፊደል አትዘልም። «ልጆቿ እናታቸውን አይመስሉም» ከሚለው ስትደርስ መዲና አፏን ያዘች። «ወላሂ ዝናሽ ናት! ድምፅዋ ነው!» ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አየቻቸው። «በነዚህ ጣቶቼ... ስንት ጣሳ! እሳቸውም ‹ጎበዝ› ይሉኛል፣ ቆመው!»

«ለምን ሰረዙት?» አለችኝ አንዷ።

«ተደጋግሞ ነበር።»

«እኛ እኮ ሲደጋገም ነው የሚገባን!»

«ተዪያቸው» አለች ሌላዋ፣ «ጎመናችንንም እንደ ወረቀት አረሙልን፣ ባዶ መሬት ቀረ።» ሣቁ። በሕይወቴ ብዙ ተሥቆብኛል፤ እንደዚያ ያለ፣ ሐቅ የሆነ ሣቅ ግን አልሰማሁም። ሐጅ ማግዲ ነገሩን ነዳ ስትተረጉምለት ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ፤ ከሣቁ ይልቅ ያ ከበደኝ።

ቃለ ጉባኤው ተቀደደ። መደብዎ የእርስዎ ነው። ይህን ጽፌ ደብዳቤዬን መዝጋት በወደድሁ ነበር። ነገር ግን ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ መዲና አልተነሣችም።

«ቆይ» አለች። «የእናቴን ደብዳቤስ?»

«የትኛውን?» አልሁ። የትኛውን እንደሆነ ግን ዐውቄ ነበር።

«ልጄን የወለድኩ ዓመት ያጻፍኩዎትን። ‹አግብቻለሁ፣ አልመለስም፣ አትጠብቂኝ› ያልኩትን። እንደዚያ ብለው ጽፈዋል?»

ሰባት ዓመት አልፎታል። ያን ቀን ብዕሬን ይዤ፣ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ለወሎ እናት ከእኔ እጅ አይወጣም ብዬ አስቤ ነበር። «አላህ ካለ ለዐረፋ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍሁ። መልሼ ሳነብላት ደግሞ የራሷን ቃል አነበብሁላት። ይህንኑ ነገርኋት።

አልጮኸችም። «ኸላስ፣ አበቃ» አለች፤ ደግማም «ኸላስ» አለች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሌሎቹ ተናገረች።

«ስልኩ የአጎቴ ነው። ለልጁ ያጨኝ የዚያ አጎቴ። እናቴን ሲያገናኘኝ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል፣ ምንም ማለት አልችል። ‹እማ፣ ጻፍኩልሽ እኮ› እላታለሁ። ‹አዎ ልጄ፣ ደርሶኛል፣ አልጋሽን አንጥፌያለሁ› ትለኛለች። ምን ዓይነት ደንቆሮ እናት ናት፣ አልመጣም እያልኳት አልጋ ታነጥፋለች፣ እያልኩ ስሰድባት ኖርኩ። ሰባት ዓመት!»

አንዷ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም ያጻፉኝን ደብዳቤ በልባቸው ሲያገላብጡ በፊታቸው ላይ አየሁ። ማናቸውም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ለአምስቱ መልስ አልነበረኝም፤ ለሦስቱ ደግሞ ምን እንዳሳመርሁ አላስታውስም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ደጄን አልረገጠም። የሚጻፍ ያለው ወደ ነዳ ይሄዳል። ፊደሏ ጠማማ ነው፤ ያሏትን ግን ትጽፋለች።

ቢልልኝ

ጎንደር
ኅዳር 5 ቀን 2012

ጋሼ ቢልልኝ፣

መደቤ እንደ ተመለሰልኝ ነዳም ነግራኛለች። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽም። አንዳንድ ቀን ይቅር እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ድስት ሳጥብ ትዝ ይለኝና ይቅርታውን እተወዋለሁ።

እኅቴ ቆማ እየሄደች ነው። ጥር ላይ እመጣለሁ ብዬ አስባለሁ። እስከዚያ ድንብላሉን ይዝሩልኝ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዱ አበባ ሲያልቅ ሌላው እንዲደርስ። አበባ ካጡ እንግዶቹ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በእጅዎ ይዝሩት። ቆመው አያስቆፍሩ።

መዲናን ግን እስክትመጣ አይጠብቋት። አትመጣም። እርስዎ ሄደው ደጇ ይቁሙ። ብትሰድብዎት ሰድባ ትጨርስ። እናትየው አልጋ እንዳነጠፈች አለች፣ ዘንድሮም ዐረፋ ይመጣል።

ዝናሽ

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ኅዳር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ ዝናሽ፤

ሁለተኛው ድንብላል ትላንት ተዘራ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

መዲና ደጅ አራት ቀን ቆምሁ። በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘጋችው፤ በሁለተኛው ሰደበችኝ፤ በሦስተኛው ባሏ አዘነልኝና በርጩማ አወጣልኝ፣ እርሷ ግን መልሳ አስገባችው። በአራተኛው «ያጠመሙትን ራስዎ ያቃኑት። ነዳ ግን አጠገባችን ትቆማለች» አለችኝ።

ከዚህ ጋር የታጠፈው ደብዳቤ ያልታሸገው በትእዛዟ ነው። ኑርሁሴን መጀመሪያ ለእርስዎ ይሰጥዎታል፤ እርስዎም ለመዲና ስልክ ደውለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡላት። ያለችው ከሆነ ኑርሁሴን ወደ ከሚሴ ይልከዋል፤ የሚያደርሰውም ሰው ከእናትየው በቀር ለማንም እንዳይሰጠው ተነግሮታል። ያለችው ካልሆነ ይቅደዱት። ሁለት ቦታ ላይ እጄ ቆሞ ነበር፤ «ምን ያቆምዎታል?» አለችኝ። እኔም የቆመበትን ቃል እንዳለችው ጻፍሁ።

ቢልልኝ

እማ ሉጥፊያ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ መዲና ነኝ።

ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ግን ተናድጃለሁ። ባንቺ አይደለም። ያኔ የደረሰሽ ደብዳቤ ለዐረፋ እመጣለሁ ይላል። እኔ አላልኩም። የጻፈው ሰውዬ ነው ያለው። አሁንም የሚጽፈው እሱ ነው፣ ፊቴ ተቀምጧል፣ ነዳ የምትባል ጓደኛዬ ቆማ እጁን ታየዋለች። በስልክ አልጋሽን አንጥፌያለሁ ስትይኝ ያኮረፍኩሽ አውፍ በዪኝ። አላወቅኩም። አላወቅኩም እማ።

ያልኩት ይሄን ነበር። አግብቻለሁ። ሱዳኒ ነው፣ ረክሻ ይነዳል፣ እናንተ ባጃጅ የምትሉትን። ደግ ነው። ቁጡ ነው። ደግ ነው። ሴት ልጅ አለችን፣ ስምሽን አውጥቼላታለሁ፣ ግንባሯ ያንቺ ነው። አጎቴ ይሄን ከሰማ ይስማ፣ አሁን አልፈራውም። ቀለበቱን መልሺለት፣ ሣጥኑ ሥር ባለው ጨርቅ ውስጥ ነው።

እኔ አልመጣም። አልመጣም ማለት ጠላሁሽ ማለት አይደለም። አልመጣም ማለት እዚህ ነው የምኖረው ማለት ነው። አትጠብቂኝ።

ሥራዬን አጥቼ አሁን ወንዝ ዳር ጎመን እተክላለሁ። መሬቱ የኔ አይደለም፣ እጁ ግን የኔ ነው። በመሀሉ ድንብላል እንዘራለን፣ አንበላውም፣ አንሸጠውም፣ እንዲያብብ ብቻ ነው። ሞኝ ሥራ ይመስላል። ታዪውና ትስቂያለሽ።

እኔ ነኝ የማልመጣ እንጂ አንቺ መምጣት ትችያለሽ። ኑርሁሴን የሚባል ሾፌር አለ፣ ከመተማ ያመጣሻል፣ ጨዋ ነው። ልጅቷ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ አንቺ ስትመጪ ትለምዳለች። አሁን እዚህ ብርዱ ደስ ይላል። መጋቢት ከገባ ሙቀቱ ሰው አያስቀምጥም፣ ጎመኑም ያልቃል። ከዚያ በፊት ነይ።

ከዚያ በፊት ነይ።